ቡናው ባይጠጣም፦ ስለ ሐሙሱ የቋንቋ ካፌ የአንድ ሯጭ አስተያየት

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከፍራንክፈርት ወጣ ባለች ከተማ፣ ትንሽ ስታዲየም ውስጥ፣ ቁጥሬን ደረቴ ላይ ለጥፌ እያሟሟቅኩ ሳለ ሰዎች መሰናክል ተሸክመው ወደ መሮጫው ሲያስገቡ አየሁ። «ከእኛ ቀጥሎ ላለው ውድድር ይሆናል» ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ስሜ ተጠርቶ መነሻው ላይ ስቆም ግን መሰናክሎቹ የትም አልሄዱም፤ የሚጠብቁት እኔን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። አሠልጣኜ ከልምምድ በኋላ አንድ ረዘም ያለ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ሁሉ ቃል መካከል ጆሮዬ የያዘው «ግርማ» የሚለውን ብቻ ነበር። ለሜቻ ግርማ! በ2023 ፓሪስ ላይ 3,000 ሜትር መሰናክልን በ7፡52.11 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው ልጃችን። «ታውቀዋለህ?» ያሉኝ መሰለኝና ደረቴን ነፍቼ በጀርመንኛ «ያ፣ ያ!» አልኩ፤ አዎ፣ አዎ ማለት ነው። ለካ የጠየቁኝ እንደ ግርማ መሰናክል ብትሞክር ምን ይመስልሃል፣ ላስመዝግብህ ወይ ነው። ሃያ ስምንት መሰናክልና ሰባት የውኃ ዝላይ። ሦስተኛው ውኃ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ጨረስኩ፤ እንዴት እንደጨረስኩ ግን አትጠይቁኝ። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ ስታበቃ ፎጣ እያቀበለችኝ «አንተ ልጅ፣ ይህን ያ ያ ማለትህን ካልተውክ አንድ ቀን የማታውቃትን ሴት ታገባለህ» አለችኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ከሥራ መልስ ይዛኝ ወደ ቋንቋ ካፌው ሄደች።

ጀርመኖቹ «ሽፕራኽ ካፌ» ይሉታል። በብዙ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሰፈር ማኅበር ያዘጋጀዋል። እኔ የምሄድበት በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሕፃናት መጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከ17፡30 እስከ 19፡30፣ በእኛ አቆጣጠር ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ክፍያ የለውም። ምዝገባ የለውም። ይህ ለጀርመን አገር ተአምር ነው፤ ቅጽ ሳልሞላና ቀጠሮ ሳልይዝ የተቀመጥኩበት ብቸኛው ወንበር እርሱ ሳይሆን አይቀርም። አምስት ወይም ስድስት በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች፣ በየጠረጴዛው ይቀመጣሉ፤ አንተ ደግሞ የፈለግኸው ጋ ሄደህ ታወራለህ። በቃ፣ አገልግሎቱ ይኸው ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ አስተያየቴ ለማን እንደሚጠቅም እንድታውቁ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ አምስት ዓመቴ ላይ ለአያቴ ትታኝ ሄደች፤ እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በጽዳት ሥራ ላይ ናት። በ17 ዓመቴ በቤተሰብ ማገናኘት አመጣችኝ። አሁን 19 ነኝ፤ 5,000 ሜትርና አገር አቋራጭ እሮጣለሁ። ስመጣ የያዝኩት አንድ የመሮጫ ጫማና የጃን ሜዳ ትዝታ ነበር። እዚህ የሚሮጠው ሽታትቫልት በሚሉት የከተማው ጫካ ውስጥ ነው፤ መንገዱ የተደላደለ፣ ኮሮኮንች የማያውቀው። እኛ ጋ በሰልፍ ሆነን፣ የፊተኛውን እግር እያየን፣ ትንፋሻችንን ይዘን እንሮጣለን። እዚህ ጎን ለጎን ሆነው እያወሩ ይሮጣሉ። ሶምሶማው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ወሬው ነው።

«ታዲያ መደበኛው ትምህርትስ?» የሚል ይኖራል። እርሱንም ተምሬአለሁ። መንግሥት ለአዲስ መጪዎች የሚያዘጋጀው የውህደት ኮርስ 600 የቋንቋ ክፍለ ጊዜና 100 ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና ባህል የሚሰጥ ክፍለ ጊዜ አለው። መጨረሻ ላይ 33 ጥያቄ ያለው ፈተና ይሰጣል፤ 15 ከመለስክ አለፍክ። እኔም አለፍኩ። ስለ ፓርላማቸው ልነግራችሁ እችላለሁ። ሰነፍ ኮርስ ነው አልልም፤ ሰዋስውን የተማርኩት እዚያ ነው። ነገር ግን የሚሰጠው በየጠዋቱ ነው፤ ጠዋት ደግሞ የሯጭ ሰዓት ነው። ከጫካ እንደ ምንም ሮጬ ደርሼ፣ ላቤ ሳይደርቅ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ እተኛ ነበር። ደግሞም መጽሐፉ ውስጥ ሰው ዳቦ ይገዛል፣ ቤት ይከራያል፣ ሐኪም ጋ ይደውላል። ማንም አይሮጥም።

ስለ ቡናው አሁኑኑ ልናገርና ልገላገል። ከላይ ተጭኖ የሚቀዳ ፔርሙዝ አለ፤ ከውስጡ የሚወጣው ጥቁር ነገር ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እንደተቀመጠ አፍ ላይ ያስታውቃል። አንድ ጊዜ ቀመስኩ፣ ሁለተኛ አልሞከርኩም። ሻይ ጠጡ።

በጎ ፈቃደኞቹ እንደ ሰው ሁሉ ይለያያሉ። በር አጠገብ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህርት ደግ ናቸው፤ ግን አንዲት ስህተት አያሳልፉም። ጀርመንኛ ወንድና ሴት ብቻ ሳይሆን ወንድም ሴትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ አለው። ሩጫ ወንድ ነው፣ ዙር ሴት ናት፣ መድረሻው ሁለቱንም አይደለም። ልጃገረድ እንኳ ሦስተኛው ውስጥ ትገባለች! ይህን ስሰማ ልጃገረዶቹ እንዴት ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኩ፤ መምህርቷ ሳቁና ቅጥያውን አረሙኝ። ከእርሳቸው ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጦ አንድ ወሬ መጨረስ አይቻልም። ሌላኛው ችግር ከዚህ የባሰ ነው፤ ዓረፍተ ነገርህን ከአፍህ ቀምተው የሚጨርሱልህ አሉ። ቃሉን ፍለጋ ጉሮሮህን ስትጠርግ እነርሱ ቀድመው ይሉታል፤ አንተ ራስህን ትነቀንቃለህ፤ ተመልሰህ ያ ያ ውስጥ ገባህ ማለት ነው።

እኔ ሐሙስን በጉጉት እንድጠብቅ ያደረጉኝ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍራንክፈርትን ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በልቤ ጋሽ ትራም እላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን «አንተ በለኝ» አሉኝ። እዚህ አንተና እርስዎ እንደ እኛው ይለያያሉ፤ ግን የስፖርት ክለብ ውስጥና እንዲህ ያለ ካፌ ውስጥ ሁሉም ሰው አንተ ነው። አሠልጣኜ 67 ዓመታቸው ነው፤ እርሳቸውንም አንተ ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለ። ሁለት ወር ሙሉ ማንንም የማይጠራ ዓረፍተ ነገር እየፈለግኩ ኖርኩ፤ «ውኃ ያስፈልጋል?»፣ «ነገ ልምምድ አለ?» እያልኩ። ይህን ለጋሽ ትራም ስነግራቸው አልሳቁም። «አያትህን ምን ትላቸዋለህ?» አሉኝ። እናንተ በሚለው ቃል ለአንድ ሰው አክብሮት የሚሰጥበት ዘመን በእነርሱም ዘንድ እንደነበረ ነገሩኝና፣ አንተ ስትለኝ በልብህ የፈለግኸውን በለኝ አሉ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማደርገው። አፌ አንተ ይላል፤ ይኸው ስጽፍ ግን እርሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ይህን አስተያየት ለመጻፍ የተነሣሁት በእርሱ ምክንያት ነው።

ጀርመኖች ስልሳ ስምንት አይሉም፤ ስምንትና ስልሳ ይላሉ። «አኽት ኡንት ዜሽትሲሽ»። ወረቀት ላይ ስታየው ቀላል ነው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያውን 5,000 ሜትሬን ስሮጥ ግን፣ በአራተኛው ዙር አሠልጣኜ ከመሮጫው ዳር ሆነው ይህንኑ ጮኹብኝ። ጆሮዬ ስምንት ሰማ፣ ቀጥሎ ስድስት የሚመስል ነገር ሰማ፣ አእምሮዬ 86 ብሎ ጻፈ። አንድ ዙር በ86 ሰከንድ! እርሱ ሶምሶማ ነው። «እንዴት ሰው ፍጥነቱ አይታወቀውም?» ትሉኝ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ፍራንክፈርት መቶ ሜትር ገደማ። እዚህ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ትንፋሼ አላጠረኝም ነበር፤ እኔ ደግሞ ፍጥነቴን የምለካው በትንፋሼ ነበርና ቁጥሩን አመንኩት። ተስፈንጥሬ ወጣሁ። ቀጣዩን ዙር በ62 ዞርኩት። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ እንጨት ሆነ፤ በ14፡52 ገባሁ። በዚያችው 68 ጸንቼ ቢሆን 14፡10 ነበረች።

ስጨርስ አሠልጣኜ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ኮፕፍ ሆኽ» አሉኝ። ሁለቱንም ቃል አውቃቸዋለሁ፤ ጭንቅላት፣ ወደ ላይ። የአሯሯጥ ስህተቴን የነገሩኝ መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አገጬን ሽቅብ ቀስሬ በጫካው ውስጥ ሮጥኩ። አንገቴ ተቆልምሞ ሐሙስ ቀን ካፌ ስገባ ጋሽ ትራም ምን ሆንክ አሉኝ፤ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ከዚያ ትርጉሙን በምሳሌ ነገሩኝ። ለካስ «አይዞህ» ማለት ነው! ያን ቀን፣ ከዚያ መስመር ማዶ፣ ሰው እንዲለኝ የምመኘው ቃል ተነግሮኝ ኖሮ እኔ አንገቴን ነበር ያቀናሁት።

የቁጥሩን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቁን አቁመው ወረቀት አወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት አሮጌ የትራም የጊዜ ሰሌዳ ደብተርና የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው መጡ። ደቂቃዎቹን እየጠሩ እኔ መጻፍ ነው። ዘዴያቸው ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሰማኸውን በቀኝ ጻፍ፣ በግራ ባዶ ቦታ ተው፣ ቀጥሎ የሰማኸውን ባዶው ላይ አስቀምጥ። ከአራት ሐሙስ በኋላ ሳልጽፍ መስማት ጀመርኩ። አንድ ቀን ደግሞ ሰሌዳውን ዘግተው «አሠልጣኝህ የሚጠሩልህ ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ነው?» አሉኝ። ከ64 እስከ 69 መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ስልሳውን ማን ጠየቀህ?» አሉ።

ይህን ነገር አስቡት። ዙር ስትሮጥ ስልሳው አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከስልሳው በላይ ያለው ነው። አማርኛ «ስልሳ…» ብሎ ሲጀምር እኔ በአሠልጣኙ ፊት እያለፍኩ ነው፤ «…ስምንት» ሲል ሌላ ሰው ይሰማዋል። ጀርመንኛ ግን የምፈልጋትን ቁጥር ቀድሞ ይሰጠኛል፤ ስልሳውን ለነፋስ እተውለታለሁ። በቋንቋቸው ውስጥ ለሯጭ ተብሎ የተሠራ አንድ ነገር አለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዘንድሮ በዚሁ ርቀት 14፡11 ገባሁ። አንዱንም ቁጥር አልሳትኩም።

ሰዓትም የእርሳቸው ሥራ ነበር። «ሃልፕ ዚበን» ሲሉኝ ግማሽና ሰባት ስለሰማሁ 7፡30 መጣሁ፤ ልምምዱ ለካ 6፡30 ነበር። ጋሽ ትራም እንዲህ አስረዱኝ፦ «ሰባትን ከታች ሆነህ እያት፤ ወደ እርሷ እየወጣህ ነው፤ መንገዱን አጋመስክ ማለት ነው።» ስልኬ ላይ ያለው የትርጉም መተግበሪያ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም። ለደብዳቤ ጥሩ ነው፤ የጤና መድኅኑን ወረቀት በካሜራ ሲያነብልኝ እመርቀዋለሁ። ለሰዓት ግን አትመኑት። ለአሠልጣኜ «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ» ብዬ ጽፌ በእርሱ አስተርጉሜ ላክሁ። «በዚያ ሰዓት እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ፤ አንተም ብትተኛ ይሻልሃል» የሚል መልስ መጣልኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አድርጎት ነበር! ደግሞም መተግበሪያው መሮጫው ላይ የለም። ስልክ ይዞ የሚሮጥ ማን አለ? አሠልጣኜ በልምምድ መካከል «ሎከር፣ ሎከር!» ሲሉኝ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ያለችው ሎከር መስላኝ ሩጫዬን አቋርጬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ዘና ብለህ ሩጥ ማለታቸው ነበር።

ካፌው ውስጥ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ስለ አማናል ጴጥሮስ ያነሡልኛል። ኤርትራ ተወልዶ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ፣ ወደዚህ አገር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው የገባ፣ በ2025 ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ለጀርመን ብር ያመጣ። እኔም ሲፋን ሐሰንን እጨምርላቸዋለሁ፤ በ15 ዓመቷ ኔዘርላንድስ ገብታ የነርስነት ትምህርት የጀመረችውን። ታሪካቸው ሲነገር ሁልጊዜ «መጣ፣ ሮጠ፣ አሸነፈ» ነው። እኔን የሚያጓጓኝ «መጣ» እና «ሮጠ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ነው። አማናል የመጀመሪያውን ክረምት ከማን ጋር አወራ? ሲፋን በማታውቀው ቋንቋ በሽተኛን የት ነው የሚያምህ ብላ ስትጠይቅ ምን ተሰማት? እዚያች ክፍተት ውስጥ እኔ አሁን ቆሜአለሁ፤ ብዙ ልጆችም ቆመዋል።

ካፌውን አሞግሼ ብቻ አላልፍም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እርሱም ይዘጋል፤ በጋ ላይ ስድስት ሳምንት ሙሉ። በጋ ደግሞ የውድድር ወቅት ነው፤ ቋንቋው በጣም የሚያስፈልገኝ ያን ጊዜ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት የመወያያ ካርዶች የልጅ ጨዋታ ናቸው፤ «የምትወደው ወቅት የቱ ነው?» የሚል ካርድ አራት ጊዜ ደርሶኛል፤ አራቱንም ጊዜ መስከረም ብያለሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሐኪም የሆነ ሶርያዊና ትናንት የገባ ሰው አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይሰለቻል፣ አንዱ ይጠፋል። ልምምድ ሐሙስ ማታ ያለው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይችልም። እኔ አሠልጣኜን ለምኜ ሐሙስን የእረፍት ቀን አስደርጌአለሁ፤ የለመንኳቸውም በራሴ አፍ ነው።

ጾምን በተመለከተ አንድ ቃል ልስጣችሁ፤ ሌላ ማንም አይነግራችሁም። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በዐቢይ ጾም፣ ከክለብ ጋር ለውድድር ስትሄዱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልታስረዱ አትድከሙ። «ቬጋን» በሉ። ወዲያው ይገባቸዋል፤ እንዲያውም ያከብሯችኋል። ይህንን ያስተማሩኝም መምህርቷ ናቸው፤ ስለዚህ በቅጥያው በኩል የበደሉኝን ይቅር ብያቸዋለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አሠልጣኛችሁ በሳምንቱ የጮኹባችሁን ቃላት፣ በሰማችሁት ድምፅ፣ በአማርኛ ፊደል ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። ፊደላችን ለዚህ ሥራ ከላቲኑ ይሻላል፤ የሰማኸውን ይጽፋል። ጋሽ ትራም እኔ ያነበብኩላቸውን እየሰሙ የትኛው ቃል እንደሆነ ሁሉንም ለይተው ነግረውኛል፤ ከአንዱ በስተቀር። እርሱን ቃል አሠልጣኜ ራሳቸው ሲጠየቁ ቀይ ሆኑ፤ ስድብ ነበር።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀረሁት ስለ በጋው መዘጋት ነው። ቡናው አንድ ተጨማሪ ኮከብ ሊያስቀንስ ይገባው ነበር፤ ግን እርሱን ለማረም ተስማምተናል። ባለፈው ሐሙስ እናቴ አብራኝ መጥታ ፔርሙዙን ከፍታ አሸተተችና ክዳኑን መልሳ ዘጋችው፤ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ሳምንት የቤተ መጻሕፍቱን የኤሌክትሪክ ምድጃ ተፈቅዶልን ጀበና ይዘን እንሄዳለን። ጋሽ ትራም ሦስተኛው ዙር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርስ ከአሁኑ ጠይቀዋል፤ የሚመለሱበት ትራም 19፡38 ነው። መምህርቷ ደግሞ ቡና ወንድ መሆኑን አስታውሰውኛል። ዕጣኑ ብቻ ቤት ይቀራል፤ ጣሪያው ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ።